በዚህ ቤት ብቻ

መስከረም አንድ ቀን 2106 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትርሲት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ጥቅል ፍራሽና በቆርቆሮ የተተከለ በሶብላ ይዛ በመርጃን ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ በስድስት ቁጥር በር ፊት ቆመች። በሐርሳ በሮች ባለቤታቸውን በስሙ ይጠራሉ። እሷን በስሟ የጠራት በር እስከዚያ ቀን አልነበረም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ በሩ። «ወቅትዎ አልደረሰም። መጋቢት አንድ ቀን ይመለሱ።»

ትርሲት ፍራሹን መሬት አስቀመጠች። «ዛሬ መስከረም አንድ ነው» አለችው።

«ልክ ነው። እንኳን አደረስዎ።»

«የገዛሁት በጋውን ነው።»

«ልክ ነው። የገዙት በጋውን ነው።»

«ታዲያ በጋ ገባ አይደለም እንዴ?»

«በጋ መጋቢት አንድ ቀን ይገባል» አለ በሩ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «ወቅትዎ አልደረሰም።»

ሐርሳ፣ ባቡር ከዳር እስከ ዳር በአርባ ደቂቃ የሚጨርሳት የባሕር ጠረፍ አገር ናት። ቤት ለሙሉ ዓመት መሸጥ ከቀረ ሁለት ትውልድ አልፏል። አንድ ቤት ሁለት ባለቤት አለው፤ አንዱ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ሌላው ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ይኖርበታል። ወቅቱ ያልሆነ ሰው ባቡር ተሳፍሮ ወደ ደጋ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ደገኞች ወደዚህ ሲወርዱ የቤት ተጋሪያቸውን «መቀናጆ» አሉት፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ተቀናጅተው ሲያርሱ እርስ በርስ እንደሚጠራሩት። ሐርሳ ውስጥ በሬ ያየ ሰው የለም፤ ቃሉ ግን ቀርቷል። መቀናጆ ከመቀናጆው ጋር አይገናኝም። የሚወጣው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ከድኖ ይተዋል፤ የሚገባው ሻንጣውን ሳይፈታ ያንን ይጠጣል። «ውሃ እንኳ ሳይተውልኝ የሄደ» ተብሎ መታማት ከባድ ነገር ነው።

በነሐሴና በመስከረም መካከል ያለችው ጳጉሜ የማንም አይደለችም። በጳጉሜ አምስት ቀናት በሮችና መስኮቶች ሁሉ ተከፍተው ቤት ይናፈሳል።

መስኮት ለትርሲት ተራ ነገር አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በውሃ ማጣሪያው የጨው ቧንቧ ስትፍቅ የኖረችው በሠራተኞች ማደሪያ ነው፤ ማደሪያው ደግሞ መስኮት አልተሠራለትም። በጡረታዋ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ መስኮት ከፍታ፣ የባሕሩን ድምፅ እየሰማች መተኛት። ይህ የሚሆነው ከመስከረም እስከ የካቲት ብቻ ነው። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ መስኮቶች ራሳቸውን ይቆልፋሉ፤ ከውጭ ያለው አየር ለሰው አይሆንም።

ደላላው «በጋውን ነው የምሸጥልሽ፤ በጋውን» እያለ መዳፏን በመዳፉ ሲመታ፣ ትርሲት የላስታ እናቷን በጋ ነበር ያሰበችው፤ ሰማዩ የጠራበት፣ አዝመራው የሚገባበት፣ ሠርግ የሚደገስበትን። ዋጋው ለምን እንደረከሰ አልጠየቀችም። ዕድሌ ነው ብላ ገዛች።

ከበሩ በስተኋላ ሰው ሲያስል ተሰማ። ከዚያ በሩ ከውስጥ ተከፈተ፤ ጋቢ የደረቡ አጭር ሽማግሌ ጉልበታቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ማን ነሽ?»

«የቤቱ ባለቤት ነኝ።»

«እኔም ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ገባሁ። ውሃ የተወልኝ ሰው የለም።»

«መቀናጆዎ እኔ ነኝ መሰለኝ። ገና ያልገባሁበት ቤት በምን ውሃ ልተውልዎት?»

ሽማግሌው ይህን አመዛዘኑትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያንቺ የትኛው ነው?»

«በጋው።»

«የኔ ክረምቱ ነው።»

ተያዩ።

«ክረምትማ አለፈ፤ ትናንት» አለች ትርሲት።

«እኔም በሩን ይህንኑ ነው ያልኩት። ‹ክረምትዎ ዛሬ ገባ፣ እንኳን አደረስዎ› አለኝ። በነሐሴ ከወቅት መዝገብ ቤት ደብዳቤ ጽፈው መስከረም አንድ ካልገባህ ቤቱን እንወርሳለን ሲሉኝ የጃጀሁ መሰለኝ። ግቢ፣ ልጄ፤ ቆመሽ አትቀሪ።»

«ወይዘሮዋ መግባት አይችሉም» አለ በሩ። «ወቅታቸው አልደረሰም።»

ስለዚህ ሽማግሌው ወጡ፤ ኮሪደሩ ላይ፣ በተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስማቸው ጋሽ መሸሻ ነው፤ ከመንዝ ነው የመጡት። ሐኪም ለቁርጥማታቸው ሙቀት አዝዞላቸዋል። መንዝ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃና ጉም ስለሆነ፣ ክረምቱን ቆላ ወርጄ እሞቃለሁ ብለው የሐርሳን ክረምት ገዙ።

«ዋጋውን ስሰማ የባሕር ሰው ሌባ ነው ብዬ ተሳድቤ ነው የገዛሁት» አሉ። «አሁን ደግሞ እዪው፣ ነፋስ ይገባል በመስኮቱ። ከየት እንደሚመጣ እንጃ።»

«ከባሕሩ ነው» አለች ትርሲት፣ ዓይኗን ከበሩ ክፍተት ሳትነቅል።

ተያይዘው ወደ ወቅት መዝገብ ቤት ሄዱ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሐንፈሬ የሚባል አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ እዚያው ጠረፍ ተወልዶ ያደገ፣ ትሑት፣ ከመናገሩ በፊት የሚተነፍስ። ሁለቱንም አስቀመጠና እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።

«እትዬ፣ በጋ ማለት ምን ማለት ነው?» አላት።

«ፀሐይ ያለበት ነዋ።»

«እዚህ ፀሐይ የሌለበት ወር ያውቃሉ?»

ትርሲት ወራቱን በጣቷ ቆጠረች።

«ሕጉ መጀመሪያ የተጻፈው በውጭ ቋንቋ ነው» አለ ሐንፈሬ። «ሞቃቱ ወቅትና ቀዝቃዛው ወቅት ይላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ ሞቃቱ በጋ፣ ቀዝቃዛው ክረምት ተባለ። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት፤ ልጆቼም እንደዚያ ነው የሚያውቁት።»

«ክረምት ዝናብ ነው» አሉ ጋሽ መሸሻ። «ሐምሌ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።»

«አባቴ፣ ዝናብን እኔ በሥዕል ነው የማውቀው።»

«ሥዕሉ ላይ ወሩ አልተጻፈም?»

ሐንፈሬ ተነፈሰ።

«ስማኝ፣ ወንድሜ» አለች ትርሲት። «ጠብ የለንም። እኔ የሳቸውን እፈልጋለሁ፣ እሳቸው የኔን ይፈልጋሉ። ቃሉን እንዳለ ተዉትና እኛን አዙሩን።»

«ይቻላል» አለ ሐንፈሬ፤ ትርሲትም ደስ አላት። «ልውውጥ ይባላል። ሁለቱም ባለቤቶች በቤቱ አንድ አንድ ወቅት ከኖሩ በኋላ፣ በጳጉሜ ይፈረማል። በአንድ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

«አንድ አንድ ወቅት? በማንፈልገው ወቅት?»

«ካልኖሩበት እንደማይፈልጉት በምን ይታወቃል?»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ለቃላት ኮሚቴ ማመልከት አለ። ትርጉሙ ይታረምልኝ ብለው።»

«ኮሚቴው መቼ ይወስናል?»

«ሲሰበሰብ።»

«መቼ ይሰበሰባል?»

«ሲሟላ።»

ትርሲት መስኮቱን አየች። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ተከፍቶ ነበር። «ሁለቱንም ስጠኝ» አለች። «አንዱ ቢቀር አንዱ ይደርሳል።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ ጋሽ መሸሻ። «ለነገሩ እኔ አንዱንም አልወጣ።»

እሷ ግን ሁለቱንም ቅጾች ሞላች። ጽሕፈቷ ጥሩ ነበር። «በጋ ማለት ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ክረምት ማለት ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ስለሆነ፣ ይህ ታርሞ ቤቴ እንዲከፈትልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ሐንፈሬም ማኅተም መታበት።

በማግስቱ ባቡር ተሳፈረች። ላስታ ያለችው የአክስቷ ልጅ በሩን ከፍታ ፍራሹን አየችና «ገዛሁ ያልሽው ቤት ይህ ነው?» አለቻት። ትርሲት ፍራሹን ወደ ውስጥ አስገባች። ስድስት ወር ወጥ ቤት አጠገብ ተኛች። በሶብላው ግን ደጋው ተስማማውና ጎመራ።

መጋቢት አንድ ቀን ተመለሰች። በሩ በስሟ ጠራትና ተከፈተ። ጠረጴዛው ላይ የተከደነ ውሃ ነበር፤ ከጎኑ በተንጋደደ ፊደል የተጻፈ ወረቀት፦ «ልጄ፣ መስኮትሽ ገደለኝ። ጨክኜ ብዘጋው በሩ ‹ወቅቱ የማናፈሻ ነው› እያለ ይከፍተዋል። ጉልበቴ አብጧል። መሸሻ።» ውሃውን ጠጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። እጀታውን ሳትነካው ተቆለፈ።

ያንን ሞቃት ወቅት ሌላው ሁሉ እንደኖረው ኖረችው። ገበያ የሚወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መንገድ ዝግ ነው፤ ሰው በሕንፃዎቹ ሥር ባለው መተላለፊያ ይሄዳል፤ ልጆች እዚያው ኳስ ይጫወታሉ፣ እዚያው ይጣላሉ፣ ሰው ሲሞትም ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው። በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ እንቁላል ተቀቅሎ እስኪበስል ይደርቃል፤ ትንሽ ከቆየ ይሰባበራል። ጎረቤቶች አሳንሰር ውስጥ ሲገናኙ «ስንት ቀረ?» ይባባላሉ፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ባሕሩ ሙሉ ቀን ከመስታወቱ ማዶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ድምፁ አይሰማም። ትርሲት አንድ ቀን ጆሮዋን መስታወቱ ላይ ብትለጥፍ ጆሮዋ ተቃጠለ፤ ሳምንት በቅባት ከረመች።

ከኮሚቴው ምንም አልመጣም። መዝገብ ቤት ስትደውል «በሂደት ላይ ነው» ይሏታል። በሰኔ ደወለች፣ በሐምሌ ደወለች። በነሐሴ ትታው ረሳችው።

በጳጉሜ ጋሽ መሸሻ ወረዱና ልውውጡን ፈረሙ። እንግዲህ ክረምት የተባለው የሷ፣ በጋ የተባለው የሳቸው ሆነ። ሐንፈሬ ሁለቱን ወረቀቶች አቀያይሮ ሲሰጣቸው እሱም ደስ ያለው ይመስል ነበር።

መስከረም አንድ ቀን 2107 በሩ «ወይዘሮ ትርሲት፣ ክረምትዎ ገባ፣ እንኳን አደረስዎ» ሲላት አልተከራከረችም። ክረምት ይሁንላት። በሶብላውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችና መስኮቱን ከፈተችው።

ስለሚቀጥሉት ስድስት ወራት ብዙ የሚነገር የለም። ትርሲት እንቅልፍ ተኛች። የመጀመሪያውን ሳምንት ባሕሩ እየቀሰቀሳት ተቸገረች፤ ሠራተኛ ሆና የኖረች ናትና ሌሊት የሚጮህ ውሃ ስትሰማ ቧንቧ የፈነዳ እየመሰላት ከአልጋዋ ትነሳ ነበር። ከዚያ ለመደችው። ጠዋት ጠዋት ወንበር ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች፣ ምንም አትሠራም። የጎረቤቷ ሚስት «ምን ታያለሽ?» ብትላት «አላይም፤ ይነፍስብኛል» አለቻት። የካቲት ሠላሳ ቀን ውሃ ከድና፣ ከጎኑ የበሶብላ ዘለላ አድርጋ ወጣች። ላስታ ሆና ከጋሽ መሸሻ መልእክት ደረሳት። «መቀናጆዬ፣ እግሬ ደረጃ ወጣ። አሳንሰር ተበላሽቶ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም። ግን ወጣ።»

ደብዳቤው የመጣው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ጳጉሜ አንድ ቀን መዝገብ ቤት ቅረቢ ይላል።

ሐንፈሬ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላት። «እትዬ፣ ደስ ይበልዎት» አላት። «ተፈርዶልዎታል።»

«ምን ተፈረደልኝ?»

«ኮሚቴው ተሟላ። ከተሰበሰበ ጀምሮ የመጀመሪያው አጀንዳው የእርስዎ ማመልከቻ ነበር አሉ። ጽሕፈትዎን ሁሉ አመስግነዋል።» ወረቀቱን አዙሮ አሳያት።

ትርሲት አነበበች። ኮሚቴው የአገሩን መዝገብ ለአንድ ሰው ብሎ ሊቀይር አይችልም፤ የአመልካቿ አማርኛ ግን ትክክል ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ በመርጃን ሕንፃ፣ ፎቅ አሥራ አራት፣ ቤት ቁጥር ስድስት፣ በጋ ማለት ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ክረምት ማለት ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ማለት ነው። ይህ ትርጉም የሚሠራው በዚህ ቤት ብቻ ነው። ከመስከረም አንድ ጀምሮ ይጸናል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ፣ «የኔ አሁን ክረምቱ ነው» አለች።

ሐንፈሬ የልውውጡን መዝገብ ከፈተ፤ አየ። ደስታው ከፊቱ ቀስ እያለ ወረደ።

«ተለዋውጠናል» አለች ትርሲት። «አንተ ነህ ያለዋወጥከን።»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ መልሰህ አለዋውጠን።»

«በአንድ ቤት አንድ ጊዜ ነው።»

«እንግዲያ ማመልከቻዬን ሰርዝልኝ።»

«ተፈርዶልዎት?»

«ተፈርዶብኝ።»

«የተፈረደለት ሰው መሰረዝ አይችልም፣ እትዬ። ቅሬታ ግን ማቅረብ ይችላል።»

«በማን ላይ?»

«ውሳኔውን ባስወሰነው ሰው ላይ።» ሐንፈሬ ወረቀቱን ተመለከተ። «በአመልካቿ ላይ።»

«አመልካቿ እኔ ነኝ።»

«አዎ» አለ ሐንፈሬና ተነፈሰ። ከመሳቢያው ቅጽ አወጣ። «እስከ መስከረም አንድ ጠዋት መግባት አለበት። ለበሩ ቢያሳዩትም ይበቃል።»

ትርሲት ቅጹን ይዛ አሥራ አራተኛ ፎቅ ወጣች። በጳጉሜ በሮች ሁሉ ክፍት ናቸው፤ የስድስት ቁጥርም ክፍት ነበር። ጋሽ መሸሻ ሻንጣቸውን ጠቅልለው፣ ውሃውን ከድነው ለመውጣት ተዘጋጅተው አገኘቻቸው። ነገሩን ነገረቻቸው። ሽማግሌው እስኪገባቸው ድረስ ሦስት ጊዜ ደገመችው።

«ታዲያ ነፋሱ ዳግም የኔ ሆነ?» አሉ በመጨረሻ።

«የርስዎ ሆነ።»

«ምን አድርጌ?»

«እርስዎ ምንም አላደረጉም። እኔ ነኝ አማርኛ ያሳመርኩ።»

ሻንጣቸውን መልሰው ፈቱ። እሷም ፍራሿን ዘረጋች፤ ጳጉሜ የማንም ስላልሆነች የከለከላት የለም። መቀናጆዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ጎረቤት መጥቶ ያይ ነበር፤ አንዷ እንደ ሙሽሮች እልል ልትልላቸው ከጅሏት ትርሲት በዓይኗ ገሠጸቻት። አራት ቀን ሙሉ ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ከውሃው ጆግ ሥር ተቀመጠ። ትርሲት ብዕር ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች።

2107 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። የመዝገብ ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ግን ጳጉሜን ከአምስት በላይ አይቆጥርም። በየአራት ዓመቱ፣ በስድስተኛዋ ቀን፣ በሐርሳ ያሉ በሮች ዝም ይላሉ፤ ማንንም በስሙ አይጠሩም፣ ማንንም አይከለክሉም። ጋሽ መሸሻ ያን ቀን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። የጳጉሜ አየር ገና አልበረደም፤ በተከፈተው መስኮት የሚገባው እንደ ምድጃ አፍ ነው። ጉልበታቸውን ገልጠው አሰጡት።

«እሰይ» አሉ። «መስኮት እንዲህ ሲሆን ነው እንጂ።»

ትርሲት ላቧን እየጠረገች ቅጹን ከጆጉ ሥር ሳበች። ስሟን ጻፈች። የቤቱን ቁጥር ጻፈች። ቅሬታ የቀረበበት ሰው በሚለው ላይም ስሟን ጻፈች። ከዚያ «የሚጠይቁት ወቅት» የሚል ቦታ መጣ። በጋ ብትል በዚህ ቤት አንድ ነገር ነው፣ በጎረቤት ቤት ሌላ። ክረምት ብትልም ያው። ኮሚቴው በየትኛው አማርኛ እንደሚያነበው የሚያውቅ የለም። ኋላ፣ በዚያው ባማረ ጽሕፈቷ፣ «መስኮቱ የሚከፈትበት» ብላ ጻፈች።

«ምን አልሽው?» አሉ ጋሽ መሸሻ። አነበበችላቸው። ጉልበታቸውን አሻሹ። «ለኔም ጻፊልኝ። ጉልበት የማይቆረጥምበት በይ።»

በዚያው ቅጽ ግርጌ ጻፈችላቸው።

በማግስቱ ጠዋት፣ መስከረም አንድ ቀን 2108፣ ትርሲት ሻንጣዋንና ፍራሿን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። በሶብላውን አልያዘችም፤ እዚያው መስኮቱ ደፍ ላይ ትታዋለች። ጋሽ መሸሻ ጋቢያቸውን ደርበው ከውስጥ ቆመዋል። የተወችላቸውን ውሃ ጠጥተው ባዶውን ጆግ በእጃቸው ይዘዋል፤ ትንሽ ደግሞ ለበሶብላው አፍስሰውለታል።

«ወይዘሮ ትርሲት» አለ በሩ፣ «እንኳን አደረስዎ። ወቅትዎ አልደረሰም። መጋቢት አንድ ቀን ይመለሱ።»

ትርሲት ቅጹን ወደ በሩ አስጠጋች። በሩ አነበበው።

«ቅሬታዎ ደርሶናል» አለ። «አንድ ያልተሟላ ነገር አለ። ‹መስኮቱ የሚከፈትበት› ያሉት በጋ ነው ወይስ ክረምት?»

ትርሲት ፍራሿን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«በየትኛው ቤት?» አለችው።